አሜን ያጣ ጸሎት

የሚያምነኝ ቢኖር እናገራለሁ፤ ባይኖርም እናገራለሁ። ባጃጅ ነጂ አፉን ከዘጋ ሞተሩም ይጠፋበታል። ከዲላ ወናጎ ስመላለስ ተሳፋሪ እንዳይሰለች ብዬ ብዙ ነገር አውርቻለሁ። ነዳጅ አልቆብኝ የመዘምራን ቡድን ከነኪቦርዱ ጭኜ ዳገቱን በዝማሬ ብቻ እንደወጣን ስናገር፣ አምነው ያለቀሱ እናቶች አሉ። የዚህን በር ነገር ስናገር ግን "ደግነት፣ ዛሬስ አበዛኸው" ይሉኛል። የጨመርኩበት የለም። ቢኖርም ለጣዕም ያህል ነው።

በሩ የቡና ማበጠሪያ በር ነው። ማበጠሪያው ከዲላ ወጣ ብሎ ወደ ወናጎ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ከኮንጋም ከወርቃም የሚመጣ ደረቅ ቡና እዚያ ይገባል። ሴቶቹ ረጃጅም ጠረጴዛ ከበው የተሰበረውን፣ የነቀዘውን፣ የጠቆረውን ፍሬ በጣታቸው ሲለቅሙ ይውላሉ። ጠዋት ሲገቡ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ማታ ይከፈታል። "ቡና በነጠላቸው ቋጥረው ይወጣሉ" ነው ምክንያቱ። ቁልፉ የሚያድረው በሥራ አስኪያጁ በበፍቃዱ ኪስ ነው።

በፍቃዱ ክፉ ሰው ነው ብዬ በአጭሩ ብጨርሰው ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ግን ሰውዬው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሰው ሲሞት ቀድሞ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ሲጸልይ ያስለቅሳል። አክስቴ ማንጠግቦሽም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት መሪ ናት። እሱ ሽማግሌ፣ እሷ ጸሎት መሪ፤ ሰኞ ሲሆን ደግሞ እሱ ቆላፊ፣ እሷ ተቆላፊ።

እንዲህ እየኖርን እያለ ቡናው በሚበዛበት ወቅት ስመኝ ምጥ ያዛት። ስመኝ ከለቃሚዎቹ አንዷ ናት፤ ገና ወሯ አልገባም ነበር። እኔ ውጭ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሳለ ሴቶቹ ቆርቆሮውን ከውስጥ ሲደበድቡት ሰማሁ። ጥበቃው ግዛቸው በበሩና በእኔ መሃል ይሯሯጣል፤ ዱላ አለው፣ ቁልፍ የለውም። ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። ባጃጄን አስነስቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ። "በረርኩ" ስል ይኼኛው ማጋነን አይደለም፤ ጎማው መሬት አልነካም። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ደረቴን ይዞ አስቆመኝ።

"ጸሎት ላይ ናቸው። አሜን ሲሉ ትገባለህ።"

"ሰው እየሞተ ነው!"

"ስለ እሱም ይጸለያል" አለኝ። ልጁ አልቀለደም፤ ከልቡ ነበር።

በእኛ ዘንድ ጸሎት አይቋረጥም። ቤት ቢቃጠል እንኳ "ጌታ ሆይ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው" ተብሎ ይጨመርበታል እንጂ አሜን ሳይባል ማንም አይወጣም። አሜን እስኪባል ቆየ። ቁልፉ ሲደርስ ስመኝ ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን በአክስቴ ነጠላ ተጠቅልሎ በጠረጴዛው ላይ፣ በተለቀመው ቡናና ባልተለቀመው መሃል ተኝቶ ነበር።

በማግስቱ በሩ እንደገና ከውጭ ተቆለፈ።

ከዚያ ነው ሔርሜላ የመጣችው። ሔርሜላ የዲላ ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ጨርሳለች። ከጓደኞቿ ጋር ከአንድ ጁስ ቤት በላይ ባለች ክፍል እየተሰበሰቡ ሠራተኛ እንዲደራጅ ያግዛሉ፤ ውለው አድረው ፓርቲ ለመሆን የሚያኮበኩቡ ልጆች ናቸው። ራሳቸውን "ተራማጆች" ይላሉ። እኔ ስሙን መጀመሪያ ስሰማ የባጃጅ ላለመክፈል የማሉ መስለውኝ ደንግጬ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴንና ጓደኛዋን ሳዕዳን ከሥራ ይዤ ስመለስ ሔርሜላም አብራን ነበረች። ሳዕዳ የነጋዴ ቤተሰብ ናት፤ ባሏ ሲሞት ሱቁ ወደ ወንድሞቹ ሄደ፣ እሷ ወደ ለቀማው መጣች። ከአክስቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚለቅሙ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ናት ይማርሽ የምትባለው። አክስቴ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የእኛ አገር ዝናብ እንደሌላው አገር በጠብታ አይመጣም፤ በባልዲ ነው። ማንም መውረድ ስላልቻለ ሸራውን ዘጋሁና ክርክሩ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ሆነ።

"ሕጉ ግልጽ ነው፣ እትዬ" አለች ሔርሜላ። "ቅዳሜ ከሠራተኛ ጉዳይ ሰው ይመጣል። አብዛኞቻችሁ የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም ካላችሁ ወኪል ትመርጣላችሁ፤ ወኪሏ በሩ እንዳይቆለፍ ማስገደድ ትችላለች። ቅዳሜ ካመለጠን ግን በፍቃዱ እናንተን በትኖ አዲስ ሴቶች ያስገባል። አዲሶቹ ላይም ይቆልፋል።"

"እሺ" አለች አክስቴ።

"ወኪሏ አንቺ ነሽ። ሁሉም የሚያዩት አንቺን ነው።"

"እሺ።"

"ግን..."

"መጣች!" አለች ሳዕዳ። "ከሥር ቆማ ስትጠብቅ ነበር ይቺ 'ግን'።"

ሔርሜላ አልሳቀችም። "ጓደኞቼ ተነጋግረው ወስነዋል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወኪል አይሆንም። ስብሰባውም በጸሎት አይከፈትም። ከጸሎት መሪነቱ ልቀቂ፣ እትዬ። ቢያንስ እስከ ቅዳሜ።"

አክስቴ ወደ እሷ ዞረች። "ጌታን እስከ ቅዳሜ ደጅ ላቁመው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"እንዴት ነው ያልሽው ታዲያ?"

"ስመኝ ደም ሲፈሳት ቁልፉ የት ነበር?" አለች ሔርሜላ። ድምጿ ከዝናቡ በላይ ወጣ። "ጸሎት ውስጥ ነበር! እኔ ይኼን ነገር ከውጭ ሆኜ አይደለም የማወራው። አባቴ ወንጌላዊ ነበሩ። ወርቃ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ ሰብከዋል። ስንቱን ሰካራም ወደ ቤቱ እንደመለሱ አውቃለሁ። መሬቱን የተቀማውን ገበሬ ደግሞ 'ታገሥ፣ በሰማይ ታገኘዋለህ' ሲሉት ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለስኩም። ቤተ ክርስቲያን የገባ ጥያቄ ሁሉ አሜን ተብሎበት ነው የሚወጣው።"

እኔ ዝምታ ስለማልወድ "ባጃጁን ለሁለት ልክፈልላችሁ? ጸሎት በግራ፣ ፖለቲካ በቀኝ፣ ሳዕዳን መሪው ላይ አስቀምጣታለሁ" አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ፣ ሔርሜላዬ፣ ለእኔ አታስቢ" አለች ሳዕዳ። "እሷ ስትጸልይ እኔም በልቤ ዱዓዬን አደርጋለሁ። እስከ ዛሬ አልተጋጨብንም።"

አክስቴ ቀስ ብላ ተናገረች። "ያን ልጅ በነጠላዬ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ስጠቀልለው እየጸለይኩ ነበር። በፍቃዱም በዚያች ሰዓት ይጸልይ ነበር። ሁለታችንም ወደ አንድ ጌታ። ይኼ ነገር እንቅልፍ የማይነሳኝ መሰለሽ? ግን ልጄ፣ በሩን ግፊው የሚለኝ እሱ ነው። እሱን ትተሽ ነይና በሩን ግፊ ብትይኝ በየትኛው ጉልበቴ?"

"እትዬ..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ትናንት ሽማግሌዎቹ ጠርተውኝ ነበር። ከዓለማውያን ጋር አብረሽ ወኪል ከሆንሽ ከአገልግሎት ትታገጃለሽ፣ ከጌታ እራትም ትከለከያለሽ ብለውኛል። አንቺ ደግሞ ከአገልግሎት ካልወጣሽ ወኪል አትሆኚም ትይኛለሽ። እነሱ ዓለማዊ ሆንሽ ይሉኛል፣ እናንተ ጴንጤ ነሽ ትሉኛላችሁ። እናንተና በፍቃዱ የተስማማችሁበት ነገር ቢኖር እኔን አለመፈለግ ነው።"

ሔርሜላ ጣቶቿን አፋትጋ ዝናቡን አየች።

"ቅዳሜ ብቻ" አለች በመጨረሻ። "ወኪልነቱን ከጓደኞቼ ጋር እጣላበታለሁ። ቅዳሜ ግን ጸሎት አትክፈቺ። ከከፈትሽ ስብሰባው የእኛ መሆኑ ይቀርና የእሱ ይሆናል። በጸሎት አያሸንፉትም።"

አክስቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። "ለስመኝ ስል አፌን እይዛለሁ" አለች።

ቅዳሜ የሠራተኛ ጉዳዩን ሰውዬ ከዲላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ይባላል፤ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ቀጭን፣ ማንንም ማስቀየም የማይፈልግ ሰው ነው። ቦርሳውን ተሸክሜለት ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ደግሞ የሚያስወጣኝ ስላልነበረ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆምኩ። እንደገባን በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ቁልፉ ሲዞር ሰማን። የዚያን ቀን ጥበቃዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ ለበፍቃዱ አቀብሎ ውጭ ቀረ፣ ግዛቸው ዱላውን ይዞ ውስጥ ቆመ።

"በሩ ለምን ተቆለፈ?" አለች ሔርሜላ።

"ለጸጥታ" አለ በፍቃዱ። ኮቱን ለብሷል፣ ፊቱ ፈክቷል። "ጌታ ይባርክሽ፣ የወንጌላዊው ልጅ። እንኳን ደህና መጣሽ።"

ሴቶቹ በየጠረጴዛቸው ናቸው። ስለ በር ሊመርጡ የመጡት ሴቶች በተቆለፈ በር ውስጥ ተቀምጠው የሚተነፍሱት እንኳ ተቆጥበው ነበር። ስመኝ ከኋለኛው ጠረጴዛ ጥግ ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ተቀምጣለች። እንግዳ ወረቀቱን ዘርግቶ ሊጀምር ሲል በፍቃዱ እጁን አነሳ።

"ያለ ጸሎት የሚጀመር ነገር የለም። እንነሳ።"

ሔርሜላ "ይቅርታ፣ ይኼ ስብሰባ..." ብላ ጀመረች፤ ግን ሁሉም ተነስቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ለተጨፈነ ዓይን መከራከር ለግድግዳ ጡሩምባ እንደመንፋት ነው። ግዛቸውም ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። እንግዳ ግራ ተጋብቶ ቆመ። እኔ በጸሎት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም፤ ሰው ሲጸልይ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ደስ ይለኛል።

"ጌታ ሆይ" አለ በፍቃዱ፤ ድምፁ እንደ ማር ነው፣ ልክዳችሁ አልችልም። "እነዚህን ልጆችህን የዓለም ነፋስ ሊያናውጣቸው መጥቶ ነበር።"

"አሜን" አሉ ጥቂቶች። አፋቸው ነው ያለው። ከሕፃንነት ጀምሮ "ጌታ ሆይ" ሲባል "አሜን" ማለት የተማረ አፍ ባለቤቱን አይጠይቅም።

"አንተ ግን ሰላምን ሰጠሃቸው።"

"አሜን።" አሁን በዛ።

ያኔ የሚሄድበት ገባኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ሲወሰን ሽማግሌ በጸሎት ይናገረዋል፣ ጉባኤው አሜን ይላል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው ከሽማግሌው ጋር ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሚከራከረው። ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው። በፍቃዱ ምርጫውን በጸሎት ሊያሳልፈው ነው። እንግዳም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጆሮውን አቁሟል።

"ዛሬም በአንድ ልብ ሆነው፣ ማኅበሩ ይቅርብን፣ እንደ ቀድሞው በፍቅር እንሥራ ብለዋልና..."

ሔርሜላ አክስቴን አየቻት። በገዛ እጇ የዘጋችውን አፍ አሁን ተናገሪ እያለች በዓይኗ ትለምናለች። አክስቴ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ልመናውን አላየችም።

"...ይህንንም በስምህ እናጸናዋለንና፣ ሁላችንም..."

"ጌታ ሆይ፣ ቆይ" አለች አክስቴ።

አሜን ሳይባል ሌላ ሰው ጸሎቱን ተቀብሎ መቀጠል ይችላል። ይኼንንም ሥርዓት ማንም አያፈርሰውም። በፍቃዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ 'ብለዋል' ያለህን እኛ አላልንም። አንተ ሰሚ ነህ፤ ጆሮህ አያረጅም።"

"ጌታ ሆይ" አለ በፍቃዱ ቶሎ ብሎ፣ "ለእህቴ ታዛዥ ልብ ስጣት!"

"ጌታ ሆይ፣ ለወንድሜም ኪሱ ገብቶ ቁልፍ የሚያወጣ እጅ ስጠው!"

"ጌታ ሆይ፣ አንተ የሥርዓት አምላክ ነህ!"

"አንተ የመቃብሩን ድንጋይ ያንከባለልክ አምላክ ነህ፣ ጌታ ሆይ! የቆርቆሮ በር አያቅትህም!"

"አሜን!" የሚል ድምፅ ከመሃል ፈነዳ፤ ማን እንደሆነች አላየሁም። ሳዕዳ መዳፏን ዘርግታ "አሚን፣ ያ ረቢ" አለች። በፍቃዱ ግንባሩ ላብ አወጣ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ለአንዱ አንድ ቃል ሳይናገር በእግዚአብሔር በኩል ይሰዳደባሉ። አገር የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ "በኢየሱስ ስም" ብሎ ቢዘጋው ያ ነው የሚጸናው።

ከዚያ የአክስቴ ድምፅ ወረደ።

"ጌታ ሆይ፣ የስመኝን ልጅ አንተ ታውቀዋለህ። እኛ ስም አላወጣንለትም።"

በፍቃዱ ሊመልስ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከኋለኛው ጠረጴዛ የታፈነ ልቅሶ ተሰማ። ጸሎቱ እዚያው ቆመ፤ እሷም አልዘጋችው፣ እሱም አልዘጋው፣ አንድም ሰው አሜን አላለም። ዓይኖች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ... አሜን ተብሏል ወይስ አልተባለም? ምን ብዬ ልጻፍ?"

"አልተባለም" አለች ሔርሜላ። "ድምፅ ይሰጥ።"

"እንግዲያው በእጅ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት አላመጣሁም።"

"እሺ፣ በእጅ!" አለ በፍቃዱ። ልቡ ተመልሶለታል። ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ሁሉም ፊት ይታየዋል። "እኔም አያለሁ። ሰኞ የምትመጣውንና የምትቀረውን ማወቅ አለብኝ፤ ሥራ አስኪያጅ ነኝና።"

አክስቴ እጇን አነሳች። ሳዕዳ አነሳች። ስመኝ አነሳች። ሌሎቹ ጣቶቻቸውን ማየት ጀመሩ፤ ፍሬ የሚመርጡ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ጣታቸው ይሄዳል። ልጅ ያላት አለች፣ ባሏ ታሞ የተኛባት አለች፣ ጎጆዋ በበፍቃዱ ዘመድ መሬት ላይ ያለ አለች። ፈሪ ናቸው የሚል ቢኖር ሰኞ በእነሱ ቦታ ይግባ። እንግዳ መቁጠር ሊጀምር ጣቱን ዘረጋ፤ ከሦስት በላይ የሚቆጠር ግን አልነበረም።

ሔርሜላ አግዳሚ ላይ ወጣች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አላነሳችውም። አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ ቀስ ያለ፣ የሚለምን፣ የመድረክ ድምፅ ነው።

"ሁላችሁም በያላችሁበት ዓይናችሁን ጨፍኑ። ማንም ማንንም አይመልከት። ጎንሽ ያለችውን አትይ። ይኼ በአንቺና በ..."

ያቺን ቃል ልትላት አልቻለችም።

"በጌታ መካከል ነው" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን እየጨፈነች።

"በአላህም" አለች ሳዕዳ።

በእኛ አገር ይህን ንግግር የማያውቅ የለም። ሰባኪ ስብከቱን ሲጨርስ፣ ጌታን የሚቀበል እጁን እንዲያነሳ ሲጋብዝ የሚለው ነው። ያን ጊዜ ዓይኑን የሚከፍት ሰው ነውረኛ ነው። ሽማግሌ ሆኖ የሚከፍት ደግሞ ስም የለውም። ሴቶቹ ጨፈኑ። ግዛቸው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጨፈነ።

"ቆይ፣ ይኼ ደንቡ ላይ..." አለ እንግዳ።

"ደንቡ በምስጢር መምረጥን ይከለክላል?"

"አይከለክልም።"

"እንግዲህ የምታየው አንተ ብቻ ነህ።" ከዚያ ወደ ጆንያው ዞረች። "ሽማግሌ በፍቃዱ፣ ሁላችንም አልኩ።"

በፍቃዱ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ጉባኤው በሙሉ የእሱ ጉባኤ ነው። ጨፈነ።

"ማንጠግቦሽዬ" አለች ሳዕዳ በሹክሹክታ፤ ግን መጋዘኑ ሁሉ ሰማት። "ኋላ ሳዕዳ ጴንጤ ሆነች እንዳይባል!"

"ስለ በሩ ነው፣ አንቺ።"

"ስለ በሩ ከሆነ ሁለቱንም አነሳለሁ።"

"አንዱ ይበቃል!" አለ እንግዳ ደንግጦ። ዓይናቸውን የጨፈኑ ሴቶች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ሞተ።

"ማኅበሩ ይቋቋም" አለች ሔርሜላ፣ "በሩ አይቆለፍ፣ ወኪላችን ማንጠግቦሽ ትሁን የምትሉ፣ እጃችሁን አንሱ።"

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንድ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፤ እስከ ትከሻ ደርሶ ቆመ፣ ፈራ፣ ቀጠለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ነፋስ ያጎበጠው የእንሰት ቅጠል ከዝናብ በኋላ ቀና እንደሚለው ሁሉ፣ በየጠረጴዛው አቧራ የለበሱ እጆች ተነሱ። ይኼን ስናገር ነው አበዛኸው የሚሉኝ።

እንግዳ መቁጠር ጀመረ። ያን ጊዜ የበፍቃዱ አንድ ዓይን ተከፈተች።

መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ሁለት ሌቦች በአንድ አጥር ላይ እንደተገናኙ ተያየን። ጣቱን ወደ ከንፈሩ አድርጎ በምልክት "ዝም በል" አለኝ፤ ከዚያ ዓይኗ እኔን ትታ በሴቶቹ ላይ መሄድ ጀመረች። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ከፊት ወደ ፊት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ስማቸውን እየያዘ ነው።

ብጮህ ሁሉም ይደነግጣሉ፣ እጆቹ ይወርዳሉ። ዝም ብል ሰኞ በስማቸው ይጠራሉ። በሕይወቴ ስዋሽ አፌ ተሳስሮ አያውቅም፤ እውነት ልናገር ስል ግን ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

"ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፍተዋል!" አልኩ።

አንዳንድ እጅ ወረደ። ግን አንድም ዓይን አልተከፈተም።

"ወንድም በፍቃዱ" አለች አክስቴ። አልጮኸችም፤ የሰንበት ትምህርት ሕፃን እንደሚገሠጽ ነው። "ዓይንህን ጨፍን።"

በፍቃዱ አልጨፈነም።

"ጋሼ" አለ ግዛቸው ከበሩ ዘንድ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ ኮፍያው ደረቱ ላይ እንዳለ። "ጋሼ፣ ይጨፍኑ እንጂ።"

የራሱ ጥበቃ ነው ያለው። ያን ጊዜ ጨፈነ። ከወረዱት እጆች አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ሁሉም አልተመለሱም። እንግዳ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ፤ ጣቱ አየር ላይ ሲሄድ ልቤ አብሮት ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ።

"እጃችሁን አውርዱ" አለ። "አልፏል። በጥቂት ነው፤ ግን አልፏል።"

እልል ያለ የለም። ዓይናቸውን ገልጠው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማን አንስታ ማን እንዳላነሳች አያውቁም፣ መጠየቅም አልፈለጉም። በፍቃዱ ከጆንያው ወረደ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለአክስቴ አልሰጣትም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ያልተለቀመው ቡና ላይ ጣለው።

"እሁድ እንገናኛለን፣ እህት ማንጠግቦሽ።"

እሁድ ምን እንደሚጠብቃት እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። የጌታ እራት ቀን ነው።

"ጌታ ቢፈቅድ" አለች።

የሔርሜላ ስልክ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። አነሳችው። የወዲያኛው ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ከጁስ ቤቱ በላይ ካሉት ልጆች አንዱ ነው።

"አልፏል" አለችው። "... አዎ፣ ጸሎት ነበረ። ... አዎ፣ እኔም ተናግሬያለሁ። ... ወኪሏ? ጸሎት መሪዋ ናታ። ... ማታ መጥቼ ትጮህብኛለህ።" ዘጋችው።

አክስቴ ወደ እሷ መጣች። "ልጄ፣ ቃሌን አፍርሼብሻለሁ።"

"አፍርሰሻል።"

"አሁን ደግሞ እንዲሁ መበተን አልችልም። ያ ጸሎት እንደተንጠለጠለ ነው፤ አሜን አልተባለበትም። ሴቶቹን እንደዚህ ወደ ቤታቸው አልሰዳቸውም።"

ሔርሜላ ሴቶቹን አየቻቸው። አንዳቸውም ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። "እኔ አልገባበትም፣ እትዬ" አለች።

"ግቢ አላልኩሽም።"

ሔርሜላ ቁልፉን ከቡናው ውስጥ አነሳች። ወደ በሩ ሄደች፣ ውጭ ያለውን ጥበቃ ጠርታ በቀዳዳው አቀበለችው። ሲከፈት ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ጥጉ ገፋችውና ደፉ ላይ ቆመች። ጀርባዋን ለእኛ፣ ፊቷን ለአስፋልቱ ሰጠች።

"ጸልዩ" አለች ሳትዞር። "ዓይናችሁን ስትጨፍኑ በሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።"

አክስቴ ጀመረች። ሳዕዳ አጠገቧ መዳፏን ዘረጋች። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣ፤ በዚህ አገር ልማድ በባልዲ መጣ። ወደ በሩ ሄጄ "ከጣሪያው ሥር ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ" አልኳት። በእጇ ወደ ውስጥ ሂድ አለችኝ። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ከደፉ ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አንድ እግር አላንቀሳቀሰችም።

አክስቴም ጸሎቷን አላሳጠረችላትም።